«ልቤን የት ጣልኩት?» የቀዥቃዣ ሰው ተመስጦ

እስቲ ልጠይቃችሁ! ቁልፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ቁልፍ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ሻይ ጥዳችሁ ስኳር ልትገዙ ወጥታችሁ፣ መንገድ ላይ ወሬ ይዟችሁ፣ ስኳሩን ትታችሁ ሽንኩርት ገዝታችሁ ስትመለሱ ማንቆርቆሪያው አርሮ ጠብቋችሁ ያውቃል? በዓመት አንዴ ከሆነ ምንም አይደል፤ ሰው መሆን ነው። በሳምንት ሦስቴ፣ ያውም ከልጅነት እስከ ዕውቀት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እኔ እንደዚያ ነኝ። ይህቺን ጽሑፍ ለመጻፍ ከተቀመጥኩበት ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ፤ ውሃውን ሳልጠጣ ቁም ሣጥን ሳስተካክል ተገኘሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህሬ «አካሏ ክፍል፣ ልቧ ላህ ወንዝ ዳር» ይሉኝ ነበር። በየሴሚስተሩ ካርዴ ላይ የሚሰፍረው አስተያየትም አንድ ነው፤ «ትችላለች፤ ግን አትከታተልም።» እናቴ ይህን ስታይ «አንቺ ልጅ፣ ልብሽን የት ነው የምትጥይው?» ትለኛለች። እኔም ራሴን ስጠይቅ ኖርኩ። እውነት፣ ልቤን የት ነው የምጥለው?

ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ «ሜዲቴሽን ጀምሪ፤ መድኃኒትሽ ተመስጦ ነው» አለችኝ። ጀመርኩ። እግሬን አጣጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ምንም አላስብም» ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ... ሁለት... ሦስት... የባለሱቁ ዕዳ ትዝ አለኝ። ከዚያ ባለሱቁ የሚያደርጋት ኮፍያ። ከዚያ ኮፍያዋ ላይ የተጻፈው ነገር። ከዚያ እግሬን በላኝ። ሰዓቴን ሳይ ለካ የቆየሁት አርባ ሰከንድ ነው! አሥር ቀን ታገልኩና ተውኩት። «ተመስጦ የረጋ ሰው ሥራ ነው፤ ለእኔ ቢጤ አልተፈጠረም» ብዬ ደመደምኩ።

ተሳስቼ ነበር። ስህተቴን ያሳዩኝ ደግሞ የአክስቴ ልጅና አንድ የቅኔ መምህር ናቸው።

ባጃጁና የተማሪዋ ደብተር

በ2017 ዓ.ም. እናቴ ታማብኝ ፍኖተ ሰላም ወራት ተቀመጥኩ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ባጃጅ ይነዳል። ዕድሜው ሃያ አራት ነው። ልጅ እያለ ሰፈርተኛው «ጉንዳን የወረረው» ይለው ነበር። ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላው። ክፍል ውስጥ ስለሚቀበጠበጥ ጠጠር ላይ ስንት ጊዜ ተንበርክኳል! አንዱ «ቡዳ ነው» ሲል፣ ሌላው «ሰይጣን ነው» ሲል፣ አክስቴ ጠበል ለጠበል ስትንከራተት ልጁ ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱን ጣለ። ግን አንድ ነገር አለ። የተበላሸ ሞተር ስጡት። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ምሳ ሳያምረው፣ ቀና ሳይል ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል። ታዲያ እንዲህ ዓይነቱ ሰው «ትኩረት የለውም» ይባላል?

አንድ ማታ እናቴ ከተኛች በኋላ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። ቁጭ ማለቱ ራሱ አስደነገጠኝ።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእማ እንዳትነግሪብኝ።»

ጠዋት ነው፤ የተማሪ መግቢያ ሰዓት። ሁለት ሰው ጭኖ ቁልቁለት ይወርዳል። የባጃጁ ባለቤት ማታ ደውሎ ስለ ቀረበት ገንዘብ ተቆጥቶት ነበርና ልቡ እዚያ ስልክ ላይ ቀረ። «ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር፤ ግን ምንም አላየሁም» አለኝ። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ትሻገራለች። አንድ ሽማግሌ ቦርሳዋን ይዘው ወደ ኋላ ባይጎትቷት ኖሮ... የቦርሳው ማንገቻ ተበጠሰ፤ ደብተሮቿ ተበተኑ። ፍሬን ይዞ ሲቆም የፊት ጎማው አንዱ ደብተር ላይ ነበር።

«ደብተሩ ላይ ነው የቆመው እታለም። ከዚያ ወዲህ እጄ ይንቀጠቀጣል። ያ የምታወሪው የተመስጦ ነገር ለእኔ ይሆነኛል? ወይስ ባጃጁን ልመልስ?»

ባጃጁን ቢመልስ አክስቴና ሁለት ታናናሾቹ ምን ይበላሉ? እኔ ደግሞ አርባ ሰከንድ ያልቻልኩትን ነገር ለሰው እንዴት አስተምራለሁ? «ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት።

ነገርዬው ስም አለው

መጀመሪያ የሄድኩት አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ዘንድ ነው። የነገሩን ስም እዚያ አገኘሁት። ፈረንጆቹ በምህጻር ኤዲኤችዲ ይሉታል፤ ወደ እኛ ሲመለስ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ማለት ነው። አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ! ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡ አንድ ቦታ የማይረጋ ሰውን ጠባይ ጽፏል። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል ደግሞ በ1902 ለንደን ላይ ስለ እንደነዚህ ዓይነት ልጆች ለሐኪሞች ትምህርት ሰጥቷል። ዛሬ የያዘውን ስም ያገኘው በ1987 ነው።

በዓለም ላይ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ፣ ከመቶ አዋቂዎች ደግሞ ሁለት ሦስቱ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። በአገራችን በኦሮሚያ ክልል በጊርጃ ወረዳ ከ6 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 7.3 በመቶ አግኝቷል። እንግዲህ አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁለት ሦስት ልጅ ማለት ነው። ጠጠር ላይ የሚንበረከኩት እነማን እንደሆኑ አሁን ገባችሁ?

ከምን ይመጣል? ከአስተዳደግ ጉድለት አይደለም። ከስንፍናም አይደለም። በአብዛኛው በዘር የሚወረድ ነው። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ቅመምና ነገሮችን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል አሠራር ከሌላው ሰው ለየት ይላል። ትኩረቱ የለም ማለት ግን አይደለም፤ አለ። መሪው ነው የሚያስቸግረው። የወደደው ነገር ላይ ሲያርፍ እንደ አክስቴ ልጅ ቀኑን ሙሉ አይነቃነቅም፤ ያልወደደው ላይ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይቆምም።

ሁለት ዓይነት መልክም አለው። አንደኛው ሰውነቱ የሚቀበጠበጠው ነው፤ እርሱን ሁሉም ያየዋል። ሁለተኛው እንደ እኔ ዝም ብሎ በሐሳብ የሚነጉደው ነው። ሴት ልጆች ብዙውን ጊዜ ከዚህኛው ወገን ስለሆኑ ማንም ልብ አይላቸውም። ጨዋ ናት፣ አትረብሽም፣ ግን ዝንጉ ናት ተብለው ያልፋሉ።

ሁሉ ቀዥቃዣ ሕመምተኛ ነው ወይ?

አይደለም! እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ልብ መንጎድማ የሰው ሁሉ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት 2,250 ሰዎችን በየቀኑ በድንገት እየጠየቁ ሲያዩ ሰዎቹ ከጊዜያቸው 46.9 በመቶውን የሚያስቡት ከያዙት ሥራ ውጪ ስለሆነ ነገር ነው። ግማሽ ያህሉን ማለት እኮ ነው።

ነርሷ እንዳስረዳችኝ ከሆነ ሐኪሞች ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ ምልክቱ 12 ዓመት ሳይሞላ ጀምሯል ወይ? ሁለተኛ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በሥራም ይታያል ወይ? ሦስተኛ፣ ኑሮን በእርግጥ አበላሽቷል ወይ? ሦስቱም ካልተሟላ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል።

ሌላው ምክንያት ደግሞ በእኛ አገር ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ባየው ግጭት የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ያደረ፣ ሰው የሞተበት፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት ወጣት ስንቱ ነው! እንቅልፍ አጥቶ፣ በር ሲንኳኳ እየበረገገ ሐሳቡ አልሰበሰብ ቢለው ችግሩ ኤዲኤችዲ ላይሆን ይችላል። የድንጋጤና የጭንቀት ቁስል ነው፤ እርሱም ሕክምና አለው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» የምትለው አጭር ጥያቄ ሁለቱን ለመለየት ትልቅ ቁልፍ ናት።

ቡሬ፣ የኔታ ዘንድ

የእናቴ ወንድም ባለቤት ዘመድ የሆኑ የቅኔ መምህር ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ጉባኤ ዘርግተው ያስተምራሉ። መንገዱ ሰላም በሆነ አንድ ቀን ከአክስቴ ልጅ ጋር ተነሳን። መንኩሳን አለፍን። አዎ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት መንኩሳ! ቡሬ ወርደን በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄድን።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች የእዚሁ ምድር ልጆች ናቸው። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንዶቹን ቅኔ ያስተማሩት እዚሁ ጎጃም ነው። እኔ ግን አገሬ ሆኖ የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር ቆሜ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አየሁ። ቤተ ክርስቲያኑን በከበበው ዛፍ ሥር አንዱ ለምዱን ተከናንቦ ተቀምጧል። ሌላው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሌላው ግንድ ተደግፎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሁሉም በየራሱ ቅኔ ይቆጥራል። ማታ ለየኔታ ይነግራሉ። ጀማሪው የሚቆጥረው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ፤ ግን ቀኑን ሙሉ!

የኔታን እጅ ነስቼ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ ልቡ አልሰበሰብ ያለ ተማሪ ሲመጣብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ተነሥና ሂድ እለዋለሁ።»

«ያባርሩታል?»

ሳቁ። «ተራመድ እለዋለሁ እንጂ! ቁጭ ብሎ ያልመጣለት እየሄደ ይመጣለታል። ልብ እኮ ጥጃ ናት ልጄ። ጥጃ እንዴት ነው የሚታሰር? ገመዱን ካሳጠርሽው ትታነቃለች። ከለቀቅሽው ማሳ ትገባለች። አርዝመሽ ታስሪያታለሽ። ስትሄድ ትመልሻታለሽ። ስትሄድ ትመልሻታለሽ። እረኛ ጥጃ ሄደችብኝ ብሎ ያርዳታል?»

የአክስቴ ልጅ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። አንዳንድ አንባብያን «ተመስጦ የባዕድ እምነት ነው» ብላችሁ እንደምትሰጉ አውቃለሁና፣ ስለ ሜዲቴሽኑ ነግሬ «ኃጢአት ይሆን?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ጸሎት ከፈጣሪ ጋር መነጋገር ነው። አንቺ የምትዪው ልብን መሰብሰብ ነው። አንድ አይደሉም። ግን ልቡን ያልሰበሰበ ሰው ምኑን ይጸልያል?» አሉኝ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አባቶቻችን ሰውነትን ዝም በል ብለው እንዳልገደቡት ነው። ማኅሌት የሚቆመው ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያና በጽናጽል እየተወዛወዘ ነው። ስግደቱ መውደቅና መነሣት ነው። እግዚኦታው 41 ጊዜ በመቁጠሪያ ይቆጠራል፤ ጣት ሥራ ስታገኝ ልብ ትረጋለች። ሙስሊም ወገኖቻችንም ሶላታቸውን የሚሰግዱት በቀን አምስት ጊዜ፣ ሰዓት ጠብቀው፣ ቆመው፣ አጎንብሰው፣ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። እኔ ግን ተመስጦ ማለት እግር አጣጥፎ እንደ ሐውልት መቀመጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር!

ሳይንሱስ ምን ይላል?

የሚገርመው የኔታ ያሉትንና ሳይንቲስቶቹ ያሉትን ስታስተያዩት ነው። ከሃይማኖት የተለየውን የተመስጦ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ጆን ካባት ዚን ነው። ሥልጠናው ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ሊዲያ ዚሎውስካ የምትባል የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቿ ደግሞ ይህንኑ ለባለ ኤዲኤችዲዎች እንዲስማማ አድርገው በካሊፎርኒያ ሞከሩት። ውጤቱን ያወጡት በ2008 ነው። 24 አዋቂዎችና 8 ጎረምሶች ተካፈሉ። መቀመጡ ከአምስት ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ አሥራ አምስት አደገ፤ መቀመጥ ለከበደው በእግር መሄድ ተፈቀደለት። ቀዥቃዣ ይጨርሳል ብሎ ማን ያምናል? 78 በመቶው ጨረሱ! ብዙዎቹም ምልክታቸው እንደቀነሰላቸው ተናገሩ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ የሚነጻጸር ሌላ ቡድንም አልነበረውም። በኋላ በ2019 ሆላንድ ውስጥ 120 አዋቂዎች ተካፍለው የወጣው ጥናት ግን ማነጻጸሪያ ነበረው፤ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ሥልጠናውን የወሰዱት ሕክምናውን ብቻ ካገኙት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። «በተጨማሪ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ተመስጦ ማለት ምንም አለማሰብ አይደለም። ልብ መሄዷን ማወቅና መመለስ ነው። መመለሷ ነው ስፖርቱ። ልቡ በደቂቃ አሥር ጊዜ የሚሄድበት ሰው አሥር ጊዜ የመመለስ ዕድል አለው። እኔ እንደ ሽንፈት የቆጠርኳት ያቺ አርባ ሰከንድ ለካ ሥራዋን ጀምራ ነበር፤ አራት ጊዜ ስትሄድብኝ አንድ ጊዜ መመለስ ብቻ ነበረብኝ።

ስምንቱ ሳምንታት

ዐቢይ ጾም እየገባ ነበር። 55 ቀን፣ ስምንት ሳምንት። የፈረንጆቹም ሥልጠና ስምንት ሳምንት! እኔና የአክስቴ ልጅ ተሳሳቅንና በሳምንቶቹ ስም ተራ አወጣን። እናንተ በፈለጋችሁት ጊዜ፣ በፈለጋችሁት ስም ጀምሩት።

ዘወረደ፤ ሦስት ደቂቃ ብቻ። ዓይን ሳይጨፈን፣ ቆሞ፣ የእግር መዳፍ መሬቱን ሲነካ ማዳመጥ። ከሦስት ደቂቃ በላይ ቢያሰኛችሁም አቁሙ! ቀዥቃዣ ሰው በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ቆሞ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል።

ቅድስት፤ አሥር ትንፋሽ በጣት ወይም በመቁጠሪያ መቁጠር። ቁጥሩ ከጠፋ ያለ ንዴት ከአንድ መጀመር። ሰዓቱ ከሌላ ልማድ ጋር ይታሰር፤ «ሲመቸኝ» ከተባለ ቀረ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ከባጃጁ ቁልፍ ጋር አሰረው፤ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት አሥር ትንፋሽ። እኔ ከቡና ጋር አሰርኩት፤ አቦሉ እስኪወርድ።

ምኩራብ፤ ሻጭና ለዋጭ ከቤተ መቅደስ የወጡበት ሳምንት ነውና እኛ ስልኩን አስወጣን። በዚያች ሰዓት ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። አጠገብ ሆኖ ድምፁ ቢጠፋም ልብ ትጎበኘዋለች።

መጻጉዕ፤ 38 ዓመት ተኝቶ የተነሣው ሰው ሳምንት፤ የእግር ጉዞ። በዝግታ፣ እርምጃን እየቆጠሩ አምስት ደቂቃ። የአክስቴ ልጅ በዚህ ሳምንት ተሰወረ! አራት ቀን አላደረገውም። «በቃ እኔ አልረባም፤ ተይው» አለኝ። የባለ ኤዲኤችዲ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው፤ አንድ ቀን ሲያመልጠው ሁሉንም ይጥላል። «ጥጃዋ ሄደች፤ መልሳት» አልኩት። ስቆ ቀጠለ።

ደብረ ዘይት፤ ጆሮ። አምስት ደቂቃ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ መቁጠር፤ ዶሮ፣ ሙቀጫ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ የሕፃን ለቅሶ። «ጸጥታ ቦታ የለኝም» ለሚል የከተማ ልጅ ይህቺ ፍቱን ናት፤ ጫጫታው ራሱ መልመጃ ይሆናል።

ገብር ኄር፤ የታማኙ አገልጋይ ሳምንት፤ አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ። እርሱ ባጃጁን ሲያጥብ ማጠብ ብቻ። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ መክተፍ ብቻ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም አይደል?

ኒቆዲሞስ፤ በሌሊት የመጣው ሰው ሳምንት፤ የመኝታ ሰዓት። ከመተኛት በፊት ከእግር ጣት እስከ ራስ ሰውነትን በሐሳብ መዳሰስ። እንቅልፍ የሌለው ሰው ትኩረት አይኖረውም።

ሆሣዕና፤ ያለፉትን ሰብስቦ አሥር ደቂቃ። አምስቱን በእግር፣ አምስቱን ተቀምጦ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ክፉ ነገር አይታችሁ ከሆነና ዓይናችሁን ስትጨፍኑ ያ ምስል የሚመጣባችሁ ከሆነ አትጨፍኑ፤ አትግፉበትም። ዓይናችሁን ገልጣችሁ በዙሪያችሁ ያሉ አምስት ዕቃዎችን ስም ጥሩ፤ ከዚያ ወደ ባለሙያ ሂዱ።

ስለ ምርቃናም እናውራ

ይህን ካልጻፍኩ ዋሸሁ። የአክስቴ ልጅ ጫት ይቅም ነበር። ዛሬ ጫት በምዕራብ ጎጃም የሚበቅል የገንዘብ ምንጭ ነው፤ የሚቅመውም ወጣት ብዙ ነው። «ስቅም ነው የምረጋው እታለም» ይለኛል። ውሸት አይደለም፤ ምክንያት አለው። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ለኤዲኤችዲ ሐኪም የሚያዛቸው መድኃኒቶችም ብዙዎቹ የሚያነቃቁ ናቸው፤ እንግዳ ቢመስልም ቀዥቃዣውን ያረጉታል።

ታዲያ ጫቱ መድኃኒት ነዋ? የለም! የመድኃኒቱን ልክ ሐኪም ይመትረዋል፤ የጫቱን ልክ ማን ይመትረዋል? ማታ እንቅልፍ ይነሳል፤ በማግሥቱ ትኩረት ከነበረው ይብሳል፤ ያንን ለመጠገን ደግሞ እንደገና ይቃማል። ሰው አእምሮውን እስከ መሳት የደረሰበት ጊዜም አለ። ጫት ካልቃምኩ ማንበብ አልችልም የምትል ተማሪ ካለህ ምናልባት የምትፈልገው ጫቱን ሳይሆን ሐኪሙን ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱንም ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ ያው ነው፤ ያለ ሐኪም አይነካም።

ጠበል ለሚሄዱም አንድ ቃል። ጠበልና ሕክምና ባላንጣ አይደሉም። ጠበላችሁን ጠጡ፣ ጸልዩ፣ ወደ ጤና ተቋምም ሂዱ። በቅርባችሁ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል መኖሩን ጠይቁ፤ ካስፈለገ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይልኳችኋል። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። «አማኑኤል የሚሄድ ያበደ ነው» የምትለዋን የድሮ ወሬ ተዉአት።

ከፋሲካ በኋላ

ዳነ ወይ? አልዳነም። እኔም አልዳንኩም። ኤዲኤችዲ በስምንት ሳምንት ተመስጦ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ እንደዚያ የሚላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። በፋሲካ ማግሥት አክስቴ «ዶሮውን ከሱቅ አምጣ ብዬው ሳሙና ይዞ መጣ» ብላ ስታማርር ነበር።

ግን የተለወጠ ነገር አለ። ነርሷ ዘንድ ሄዶ ከአክስቴ ጋር ተቀምጦ የልጅነቱን ሁሉ ተናገረ። አክስቴ አለቀሰች፤ «ለካ ልጄ ክፉ አልነበረም» አለች። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ተጻፈለትና ሐኪም አየው፤ ክትትል ጀመረ። ጫቱን አንድ ጊዜ ሊተወው አልቻለም፤ ጠዋት ባጃጅ ሊነዳ ሲል በፊተኛው ማታ አይቅምም። ለባጃጁ ባለቤትም የተማሪ መግቢያ ሰዓት ላይ እንደማይሠራ ነግሮት ገቢው ትንሽ ቀነሰ። የእጁ መንቀጥቀጥ ግን ቆሟል።

እኔስ? ያቺ «ልብሽን የት ነው የምትጥይው?» የምትል የእናቴ ጥያቄ ዛሬ አታሳፍረኝም። መልሷን አውቃለሁ፤ ሁሉም ቦታ እጥለዋለሁ። ከዚያ ሄጄ አመጣዋለሁ።

ከፍኖተ ሰላም ልመለስ ስል ወደ መናኸሪያ ያደረሰኝ እርሱ ነው። ከተማዋ ድሮ ወጀት ነበር ስሟ፤ ፍኖተ ሰላም ያሏት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገድ፤ ወንበር አይደለም! ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ጣቶቹ መሪው ላይ አንድ በአንድ ሲነሡ አየሁ፤ አሥር ትንፋሽ። ያቺ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ቀዝቀዝ አደረገና ለራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ነኝ» አለ። ማንም አልነበረም። እርሱ ግን አለፈና ነው ፍጥነቱን የጨመረው።

እስቲ እናንተም ዛሬ ማታ ሦስት ደቂቃ ቁሙ። ልባችሁ ከሄደች አትቆጧት፤ መልሷት። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ቸር ይግጠመን!